የሚነክሰው ቦኖ

«አየሽ? ሌባ ጣቴ ናት! ተንቀሳቀሰች እኮ!»

እንቁ አይታለች። ዓመት ሙሉ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ የኖረው የእናቷ ቀኝ እጅ የቦኖውን ቧንቧ ተደግፎ፣ ጣቶቹ ሁለት ጊዜ እጥፍ ዘርጋ አሉ። ጀሪካን ደርድረው ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች እልል አሉ። ጎረቤታቸው ባየሽ፣ እልል ለማለት ሰበብ አጥታ የማታውቀው ባየሽ፣ ከሁሉም በላይ አቀለጠችው።

እንቁ ግን አብራ እልል አላለችም። ጣቶቹ የተንቀሳቀሱት ከአጥሩ ማዶ፣ በብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ግቢ ውስጥ፣ የአባቷ የብየዳ ማሽን ማጉረምረም ሲጀምር ነበር። ማጉረምረሙ ሲቆም ጣቶቹም ቆሙ። እንደገና ሲያጉረመርም እንደገና ተንቀሳቀሱ። አምስት ጊዜ ቆጠረች፤ አምስቱንም ጊዜ እንዲያው ሆነ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ። በፊዚክስ ጎበዝ የምትባል አይደለችም፤ ይህን ለማወቅ ግን ጉብዝና አያስፈልግም ነበር።

የእናቷ የወለተማርያም እጅ የሞተው ረጋሳ በተወሰደ በስድስተኛው ወር ነው። ረጋሳ የእንቁ ታላቅ ወንድም ነው። ከጉደር ሲመለስ ከመኪና አውርደው ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ከማሠልጠኛው አንድ ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ወር ሙሉ ዝም። አንድ ማለዳ እናቱ ከእንቅልፏ ስትነቃ እጇ አልታዘዝ አላት። ሐኪሞቹ ነርቭ ነው ብለው ክኒን ሰጧት። ክኒኑ አለቀ፤ እጁ እንደነበረ ቀረ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ ቦኖው መንከስ ጀመረ። የነካው ሰው ሁሉ እስከ ክንዱ ይነዝረዋል። አምቦ ከመሬት ውስጥ ፍል ውሃ የሚፈልቅባት፣ ታማሚ ከየአገሩ መጥቶ የሚታጠብባት ከተማ ናት፤ እዚህ አገር ውሃ ቢነክስ ማንም አይደነግጥም፣ ወረፋ ይይዛል እንጂ። ጠበል ነው ተባለ። ወገቡን የሚያመው፣ ጉልበቱ የያዘው፣ ሁሉም መጣ። እሁድ እሁድ አለመንከሱ እንኳ ሰንበትን አክብሮ ነው ተባለ። እሁድ ማኅበሩ ዝግ መሆኑ የታወሰው ሰው አልነበረም።

«እጄ ከዳነ ረጋሳም ይመጣል» ትላለች እናቷ። አንዱ ከሌላው ጋር በምን እንደተያያዘ አትናገርም፤ የሚጠይቃትም የለም። ቦኖው መንከስ ከጀመረ ወዲህ ግን እህል መቅመስ ጀምራለች። ፀጉሯን እንድትሠራት እንቁን ለምናታለች። ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ ሳቀች። እንቁን ከሁሉ በላይ ያስፈራት ይሄ ሳቅ ነው።

ወደ ቤት ሮጠችና ከቁም ሳጥኑ ላይ የማሽኑን መመሪያ አወረደች።

ማሽኑ የመጣው ባለፈው መስከረም ነበር፤ ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር፣ በእንጨት ሣጥን ታሽጎ፣ ሣጥኑ ላይ በአምቦ የድሮ ስም «ሀገረ ሕይወት» ተብሎ ተጽፎበት። አባቷ ኦቦ ዱጋሳ የማያውቀው የብረት ሥራ የለም፤ እንግሊዝኛ ግን አያውቅም። ስለዚህ እንቁ መዝገበ ቃላት እያገላበጠች አነበበችለት፣ እሱም አንድ ቃል እንዳያመልጠው ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሞ ሰማ። ማሽኑ እርጥብ መሬት ላይ አይቀመጥ ይላል መመሪያው፤ አባቷ የጣውላ ርብራብ ሠራለት። ከግድግዳ ይራቅ፣ አየር ያግኝ ይላል፤ አራቀው። ማጥፊያው ሠራተኛው በአንድ እርምጃ የሚደርስበት ይሁን ይላል፤ እጀታውን በር አጠገብ ሰቀለው። ሽቦው የተላጠ እንዳይሆን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ ዳበሰው። በየመሀሉ እያጠፋ እንዲያሳርፈው ነገረችው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳያሳርፈው ውሎ አያውቅም።

«ሌላስ ምን ይላል?» አላት።

አንድ ገጽ ቀርቷል። ግን የመረብ ኳስ ቡድናቸው ከጉደር ልጆች ጋር ሊጫወት ነው፤ ጓደኞቿ በሩ ላይ ሆነው «ኧረ ፋራ አትሁኚ፣ ነይ!» እያሉ ይጣራሉ።

«አበቃ» አለች።

አባቷ መርቆ ሸኛት። አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው ሽቦ የት እንደሚታሰር ስላልተነገረው በራሱ ግምት ሠራ። የማሽኑን አካል ከመሬት ጋር የሚያገናኝ ሽቦ መሆኑን ያውቃል፤ የቦኖው ቧንቧ ደግሞ በግቢው አጥር ሥር አልፎ መሬት ይገባል። እዚያ አሰረው። አምና ሲጠገን የቧንቧው ግማሽ በፕላስቲክ መተካቱን፣ መሬት ውስጥ የቀረው ብረት ጥቂት እርምጃ ብቻ፣ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት ለማውረድ የማይበቃ መሆኑን አላሰበም።

እንቁ የቀረውን ገጽ አሁን አነበበችው። አራት መስመር ነው። የመሬቱ ሽቦ ለብቻው በተቀበረ የብረት ዘንግ ላይ ይታሰር። ከውሃ ቧንቧ ጋር ፈጽሞ አይታሰር። ማሽኑ ውስጡ ከተበላሸ ቧንቧውን የነካ ሰው ሊሞት ይችላል። ለመጨረሻው ቃል መዝገበ ቃላት አላስፈለጋትም። አራት መስመር፣ ለመረብ ኳስ ብላ! በዚያ ላይ ተሸንፈው ነበር።

ኦቦ ዱጋሳን ለሚያዝያ ሃያ ሦስት፣ ለላብ አደሮች ቀን፣ አስፋልቱ ላይ የሚቆም የብረት ቅስት እየበየደ አገኘችው። እሳቱን እንዳታይ ፊቷን አዙራ ጠበቀች። ጭምብሉን ሲያነሳ ዓይኖቹ ቀልተው እንባ ያፈስሳሉ። ሁሉንም ነገረችው፤ «አበቃ» ያለችውንም ሳትደብቅ። እንዲቆጣት ፈልጋ ነበር፤ ቢመታት ሁሉ ደስ ይላት ነበር። እሱ ግን የተጋደመው ብረት ላይ ተቀመጠ።

«የቦኖው ነገር ከማሽኑ መሆኑን ካወቅሁ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል» አለ።

እንቁ ጆሮዋን ማመን አቃታት። «አውቀህ ነው? እማዬ በየቀኑ እያቀፈችው?»

«ጣቷ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፣ ኢንተላኮ።» ልጄ ማለቱ ነው፤ በኦሮምኛ የሚጠራት ሲጨንቀው ነው። «ስትስቅም አይቻለሁ። ትንሽ ንዝር ናት፣ ምን ትጎዳለች አልኩ። ከባሰም ፊውዙ ይቆርጠዋል አልኩ።»

«ታዲያ አይቆርጠውም?»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሣጥን በአገጩ አሳያት። በፊውዙ ቦታ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። «ማክሰኞ ተቃጠለ። ገበያው ውስጥ ፊውዝ የለም። ሊቀመንበሩ ጓድ ቱፋ ሽቦ አድርግበት አለኝ። ይሄ ምንም ቢመጣ አይቆርጥም።»

«እንግዲያው የመሬቱን ሽቦ ከቧንቧው ፍታው!»

«ብፈታው ንዝሩ ማሽኑ ላይ ይቀራል። ማሽኑን የምነካው ደግሞ እኔ ነኝ። ማቆም ነው ያለው። ማቆም፣ መክፈት፣ የተላጠውን መጠቅለል፣ ዘንግ መቅበር። ሁለት ቀን።»

ሁለቱን ቀን ለመለመን ወደ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ወደ ጓድ ቱፋ፣ አብረው ገቡ። ጓድ ቱፋ ክፉ ሰው አልነበረም። የፈራ ሰው ነበር፤ በዚያን ጊዜ ይሄ ከክፋት ብዙም አይሻልም።

«ኦቦ ዱጋሳ፣ ከበዓሉ በኋላ ወር ሙሉ አቁመው» አለ በሩን እየዘጋ። «አሁን ቅስቱ ሳይቆም ቢቀር እኔንም አንተንም አሻጥረኛ ነው የሚሉን። ልጅህ ግንባር ነው፣ ስምህ ንጹሕ ነው። ምን ቆርጦህ ታበላሸዋለህ?»

«ለሴቶቹስ ብንነግራቸው?» አለች እንቁ።

«ንገሪያቸው። ማን ያምንሻል?»

እውነቱን ነበር። በዚያው ቀን ለባየሽ ነገረቻት። ባየሽ ከላይ እስከ ታች አየቻትና «ጴንጤ ሆንሽ እንዴ? ጠበል የሚጠሉት እነሱ ናቸው» አለቻት። ያ ቃል በዚያ ዘመን ለቀልድ የሚወረወር አልነበረም፤ ሰው ያሳስራል። እንቁ አፏን ያዘች። ለእናቷ ደግሞ መናገር አልቻለችም። ሁለቴ ጀምራ ሁለቴም ስለ ትምህርት ቤት አወራች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። አርብ ጠዋት ቦኖው ዙሪያውን ጭቃ ነበር። ባየሽ ጫማዋ እንዳይበላሽባት አውልቃ በባዶ እግሯ ገባችና ቧንቧውን ያዘች።

ያን ጩኸት እንቁ ከዚያ በፊት ከሰው አፍ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም። የባየሽ እጅ ቧንቧውን አልለቅ አለ። መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኗ ተገልብጧል። እንቁ ልትይዛት ስትሮጥ ከአጥሩ ማዶ ማጉረምረሙ ቆመ፣ ባየሽም ወደ ኋላ ተወርውራ በጀርባዋ ወደቀች። ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። ትንፋሿ ከቆይታ በኋላ ተመለሰ።

ከዚያ አንዲት ሴት «ዋቃዮ፣ አምላኬ! የያዛት ለቀቃት!» ብላ እልል አለች። ሁሉም ተከተሉ። ባየሽ ራሷ ጭቃው ላይ እንደተቀመጠች «ቀለለኝ፣ እውነትም ቀለለኝ» አለች፤ ጥርሶቿ ይንገጫገጫሉ። ተስፋ የቆረጠ ሰው ሞትን እንኳ ተአምር ብሎ ይቀበላል ማለት ነው።

ቀጣዩ ተራ የእናቷ ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ፣ በግራ እጇ ቀኝ እጇን ተሸክማ፣ ወደ ቧንቧው እየሄደች ነው።

እንቁ በማኅበሩ በር ገብታ በረረች። አባቷ እንደገና ሊያበራ እጁን እጀታው ላይ አድርጎ ሳለ ደረሰች። እጁን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ባየሽ ልትሞት ነበር። ቀጥላ እማዬ ናት።»

ኦቦ ዱጋሳ ግማሹ የተበየደውን ቅስት አየ። በሩን አየ። ከዚያ እጁን ከእጀታው ላይ አነሳ፤ ሣጥኑን ከፍቶ የመዳቡን ሽቦ ነቀለና ኪሱ ከተተው።

«ቱፋ ሲመጣ ያቆምኩት እኔ ነኝ። አንቺ እዚህ አልነበርሽም።»

«ነበርኩ እንጂ» አለች እንቁ።

«በይ እናትሽ ጋ ሂጂ። ለእሷ መንገር እኔ አልችልም።» ይህን ሲል ዓይኖቹ እንባ ሞሉ። አባቷ ከብየዳው እሳት በሌላ ምክንያት ሲያለቅስ ያየችው በዚያ ቀን ብቻ ነው።

እናቷ ቧንቧው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ የሞተውን እጇን ብረቱ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ሴቶቹ ባየሽን ደግፈው እየወሰዱ ነበርና ለጊዜው ብቻዋን ናት። እንቁ አጠገቧ ተቀመጠች። ድንጋዩ ቀሚሷን አራሰው።

«ዛሬ ዘገየ» አለች እናቷ።

እንቁ ነገረቻት። ስለ ማሽኑ፣ ስለ ሽቦው፣ ስላላነበበችው ገጽ፣ ስለ መረብ ኳሱ፣ ባየሽን ስለጣላት ነገር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አንዱንም ሳትዘል ነገረቻት። ጣቶቿ የተንቀሳቀሱት እውነት መሆኑን፣ ያንቀሳቀሳቸው ግን ኤሌክትሪክ ብቻ መሆኑን ነገረቻት። እናቷ ዓይኗን ከጣቶቿ ላይ አልነቀለችም። ጣቶቹ ፀጥ ብለዋል።

«ማሽኑን ማን አስቆመው?»

«እኔ።»

 ከአስፋልቱ ወገን ለበዓሉ ሰልፍ የሚለማመዱ ተማሪዎች መፈክር ይሰማል።

«መልሰሽ አስበሪው» አለች እናቷ።

«እማዬ፣ ይገድልሻል እኮ!»

«ሰምቻለሁ። አስበሪው።»

እንቁ የእናቷን እጅ ከቧንቧው ላይ አነሳችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። እናቷ በግራ እጇ አንስታ መልሳ ብረቱ ላይ አደረገችው። ቧንቧው ቀዝቃዛ ነበር፤ አሁን ማንንም አይጎዳም። እንቁ ድጋሚ አላነሳችውም። ከማዶ ማሽኑ መቆሙን ያየው ጓድ ቱፋ የእንቁን ስም እየጠራ ሲጮህ ሰማች፣ እናቷም፣ ሂጂ እንደማለት፣ ዞራ አየቻት። እንቁ ከድንጋዩ ላይ አልተነሳችም።