ጎርማዝን የጣለችው ሾላ

በዘምባራ ምድር፣ ከገደሉ ወገብ ላይ ዓለት ሰንጥቃ የበቀለችው ሾላ በአንድ ንጋት ቀይ ወተት አለቀሰች። ግንዷ ሲጫር የሚወጣት ዘወትር ነጭ ነበር። የዚያን ዕለት ግን ማንም ሳይነካት፣ ገደሉ ላይ ተጣብቀው የሚወርዱት ነጫጭ ሥሮቿ እስከ ሸለቆው ድረስ ደም ለበሱ። ያየ ሁሉ ምክንያቱን አወቀ፤ ቃል ፈርሷል።

የዘምባራ ሕግ አጭር ነው። ከዚያች ዛፍ አንድ ፍሬ ለሁለት ገምሰው የበሉ ሰዎች፣ አንዱ በሌላው ላይ እጁን አያነሣም። ምስክሯ ሾላዋ ናት። በገደሉ አናት ላይ አምባውን የሠራው ንጉሥ ጎርማዝ ግን ከአበጋዝ ሐርቆ ጋር ፍሬ ተካፍሎ፣ ታርቆ፣ አብሮ ስቆ ሲያበቃ፣ እንግዳው ዞር ሲል ጀርባው ላይ ጦር ሰካበት። እንዲህ ያለውን ሰው ንጉሥ ብሎ መጥራት አፍ ያቆሽሻል፤ ዘውዱ ግን ጭንቅላቱ ላይ ነበርና ይጠሩት ነበር።

የሐርቆ ሚስት እመት ወለላዬ እንባ አላወጣችም። ሁለቱን ልጆቿን፣ ናድርንና ታናሽ እኅቱን ሰርማዬን፣ በመቃብሩ ፊት አቆመቻቸው።

«ስሙኝ ልጆቼ። ሾላዋ የጎርማዝን ዓለት በሥሯ አንቃ ይዛዋለች። እሱም ሊያስቆርጣት አይደፍርም፤ እሷ ከሌለች አምባውም የለም። ከተከዳው ሰው ወገን አንድ ነፍስ በፈቃዱ ከተሰጣት፣ ዓለቱን ትለቀዋለች። ጎርማዝ ሳይሞት እኔ ለቅሶ አልቀመጥም!»

«ነፍሴን እኔ እሰጣለሁ!» ስትል ሰርማዬ ማለች። «ይህን ሳላደርግ ብመለስ መሬት አትቀበለኝ!»

ናድር የገደል ማር ቆራጭ ነበር። ገመዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ «እኔ መውጣቱን እንጂ መሞቱን አልተማርኩም» አለ። እናቱ በዐይኗ ገረፈችው። የአባታቸው ጋሻ ጃግሬ ዶርሳም ጦሩን አንሥቶ ተከተላቸው።

ገደሉን የሚጠብቁት ላባቸው ድንጋይ የሆነ አሞሮች ነበሩ። ዶርሳ ከታች ቆሞ እየጮኸና እየተሳደበ ወደ ራሱ ጠራቸው። አንድ ዐይኑን አወጡት፤ እሱ ግን ወንድምና እኅቱ ከዓለት ዓለት እየተሳቡ እስኪርቁ ድረስ መውጋቱን አላቆመም።

ሾላዋ ሥር ሲደርሱ የሰርማዬ ጉሮሮ ደርቆ ነበር። ጠባብ እርከን ላይ ተዘረረች። ናድር ላዩን ሊያይ ቅርንጫፎቹ መሃል ገባ፤ ቅጠሉም ሰወረው። ጥቂት ቆይቶ የተገመሰ ሾላ ከላይ መጥቶ ጭኗ ላይ ወደቀ። ናድር ከልጅነቷ ጀምሮ ያገኘውን ሁሉ የሚያካፍላት ወንድም ነበርና ሳትጠራጠር ጎረሰችው።

ከላይ ሳቅ ተሰማ። ጎርማዝ በአምባው መስኮት ብቅ ብሎ ሌላውን ግማሽ ያኝክ ነበር።

«የሐርቆ ልጅ፣ እንኳን ደህና መጣሽ! ጣፈጠሽ? ከእንግዲህ እኮ ወንድምሽ ነኝ!»

ሰርማዬ ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ከትታ ልታስመልሰው ታገለች፤ አልወጣላትም። ሥሩን አቅፋ፣ «ውሰጂኝ!» ብላ ጮኸች። ሾላዋ ግን ቅርፊቷን አጠነከረችባት፤ ፍሬዋን ከጎርማዝ ጋር የተካፈለችን ሰው ነፍስ በእሱ ላይ አልቀበል አለች።

ናድር ከቅጠሉ መሃል ወርዶ ነገሩን ከፊቷ አነበበው።

«እሱ አፍርሶታል! እኔ ለምን እጠብቅለታለሁ?» አለች እየተንገበገበች።

«እሱማ ጎርማዝ ነው። አንቺ የሐርቆ ልጅ ነሽ።»

ይህን ብሎ ገመዱን ወገቧ ላይ አሰረ። ፈርቷል፤ ፍርሃቱንም ሊደብቅ አልሞከረም።

«ናድሬ፣ ተው! የማልኩት እኔ ነኝ። አንተ እኮ በቀል አትወድም።»

«አልወድም። አንቺን ግን እወድሻለሁ። ባዶ እጅሽን ብትመለሺ እማዬ ቤት አታስገባሽም።»

የገመዱን ሌላ ጫፍ ቋጥሮ ወረወረና ማዶ ባለው ቋጥኝ ላይ አጥልቆ ካጠበቀው በኋላ ገፈተራት። ሰርማዬ ባዶውን አየር አቋርጣ ከማዶው ገደል ጋር ተላተመች። ዞር ስትል ወንድሟ ሥሩን እንዳቀፈ አየችው።

«እናት ሾላ፣ የሐርቆ በኩር ነኝ! በፈቃዴ!»

ቅርፊቱ ተከፍቶ ናድርን ወደ ውስጥ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ሥሮቹ ከየስንጥቃቸው እየተመዘዙ ወጡ። ዓለቱ አገሳ፤ ግንቡ ተዘነበለ። ጎርማዝ መስኮቱን ሙጥኝ ብሎ ምሕረት እየለመነ ወደቀ፤ አምባውም ላዩ ላይ ተናደ። ሰርማዬ ሁሉንም ዐይኗን ሳትነቅል አየች። ደስ አላት፤ አንጀቷ ቅቤ እስኪጠጣ ደስ አላት። አቧራው ሲጠራ ግን ሾላዋም ናድርም አልነበሩም።

ዘምባራ ነጋሪት ጎሰመ። እመት ወለላዬ ደጃፏ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው።

«ጎርማዝስ?»

«ሞቷል» አለች ሰርማዬ።

እናቲቱ ለቅሶ ልትቀመጥ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ወዲያው ግን ቀና ብላ ከልጇ ኋላ ፈለገች።

«ናድርስ?»

ከሸለቆው አብሯት የተመለሰው ዶርሳ ፊቱን አዞረ። ሰርማዬ አንዳች ሳትደብቅ ሁሉንም ነገረቻት።

«ለዚህኛው ደምስ ማንን ልላክ?» አለች እመት ወለላዬ። «ማን ይሙትልኝ?»

ሰርማዬ ቢላዋዋን ከወገቧ መዝዛ እናቷ ጭን ላይ አኖረችና ተንበረከከች።

«ሩቅ አትላኪ። ያቺን ፍሬ የበላሁት እኔ ነኝ።»

እናቷ ቢላዋውን አላነሣችም። «ተነሺ» ግን አላለቻትም።