ትንሿ መተንፈሻ

«ዓይንሽን ጨፍኚ።»

ጠጠር ጨፈነች። ጋሽ ባቡር ጠረጴዛው ላይ የዘረገፉትን በጣቶቿ ዳበሰች። ሁለት ረጃጅም ብሎኖች፣ አራት አጫጭር፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል ሞላ። ስምንት ቅዳሜ የተለማመደችው ለዚህ ነበር። ጎማዎቹን፣ ፒስተኖቹን፣ ውሃ የምትይዘውን የነሐስ ጋን አንድ በአንድ ገጠመች። በመጨረሻ ትንሿን መተንፈሻ በጋኑ አናት ላይ አዙራ አጠበቀችና እጇን አነሳች።

ሽማግሌው ብሎኖቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ነካክተው አዩ።

«ያንቺ ናት» አሉ በኋላ።

ዓይኗን ገለጠች። ባቡሯ ከክንዷ አትረዝምም። ጥቁር አረንጓዴ ቀለም ተቀብታለች፤ ጭስ ማውጫዋን ቀና አድርጋ ልትሄድ የተነሳች ትመስላለች። የመስኮት ጌጥ አይደለችም። የእውነት እሳት ይነድባታል፤ የእውነት እንፋሎት ትተፋለች። ጠጠርን መጮኽ አማራት፤ ግን የምትጮኽ ዓይነት ልጅ አይደለችምና ጎማዋን በአውራ ጣቷ አንዴ አሽከረከረች፣ በቃ።

ጋሽ ባቡር ትልቁን ባቡር ሠላሳ ዓመት ነድተዋል። ግራ እጃቸው ላይ የቀሩት ሦስት ጣቶች ናቸው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ምን እንደሆኑ በሰፈሩ የጠየቃቸው የለም። በዚያ እጃቸው ትንሿን መተንፈሻ ነኩ።

«አንድ ነገር ብቻ። እሳት ስትለኩሺ ዓይንሽ የግፊት መለኪያዋ መርፌ ላይ ይሁን፤ ጆሮሽ ግን እዚህች ላይ። ግፊቱ ቀዩ መስመር ሲደርስ ከፈት ብላ እስስስ ትላለች። እሱ ጤና ነው። ዝም ያለች ቀን እሳቱን አውጥተሽ ሩጪ። እኔ የሮጥኩት ዘግይቼ ነው።»

ብለው ሳቁ። ጠጠር አልሳቀችም።

ውጭ ጓደኛዋ ሬዲዮ አጥሩን ተደግፋ ትጠብቃት ነበር። ሬዲዮ የተባለችው አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት ስለሌለ ነው።

«ሰጡሽ?»

«እ።»

«እ ብቻ? ሰው ባቡር ተሰጥቶት እ ይላል? እኔ ብሆን ሰፈሩን ሦስቴ ዞሬው ነበር። ሰኞ የሳይንስ ትርዒቱ ላይ ያ የፊዚክስ መምህራችን ዓይኑ ሊወጣ ነው፣ እወቂ። እስቲ አንዴ ልያዛት።»

«አትይዣትም።»

«ስስታም።»

ጠጠር በፎጣ ጠቅልላ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋት፣ ጉድጓድ ባለበት ቀስ እያለች ቤቷ አደረሰቻት።

አባቷ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ በእንፋሎት ግፊት የምታበስለውን የጎረቤታቸውን ፕሬዠር ድስት ገልብጦ ክዳኑን ይመረምር ነበር። ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ከተቀነሰ ስምንት ወሩ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ የሚያንጠባጥብ ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል፤ ባልዲው፣ ቧንቧው፣ ማንቆርቆሪያው። «እኔ የዘጋሁት አይተነፍስም» ይላል፤ እውነቱን ነው። ይህችኛዋ ድስት የልብስ ሰፊዋ ናት፤ ቤቷ ከግድግዳው ማዶ ነው። እሑድ እሑድ ቦሎቄ ስትቀቅልባት ፉጨቷ ግድግዳ አልፎ ይመጣና እነጠጠር ቤት ሰው የሚነጋገረው እየጮኸ ነው።

«አባባ፣ እያት።»

ውሃ ሞላች፤ የአልኮል ማንደጃውን ለኮሰችና ከሥሯ አስገባችው። መርፌዋ ተነሳች። ከዚያ ባቡሯ አንዴ ተንቀጠቀጠችና፣ ፉፍ፣ ፉፍ፣ ፉፍ እያለች በወጥ ቤቱ ወለል ላይ ሄደች። የአባቷን ጫማ ዞረች፤ የወንበሩን እግር ገጨች። አባቷ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። ጠጠር ይህን ሳቅ ከሰማችው ስምንት ወር ሆኗታል። አንስታ ስታቆማት መርፌዋ ቀዩ ላይ ደረሰችና ትንሿ መተንፈሻ እስስስ አለች።

የአባቷ ሳቅ ቆመ። የታማሚ ሳል እንደሰማ ሐኪም ጆሮውን አዘነበለ።

«ታፈሳለች።»

«አባባ፣ እሱ እኮ…»

«ለእኔ ተይው፣ ጠጠሬ።»

አፏን ከፈተች። እሱ ግን ወደ ድስቱ ተመልሶ ማፏጨት ጀምሯል፤ ደስ ብሎታል። ነገ እነግረዋለሁ ብላ ቃሏን ዋጠችው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከሬዲዮ ጋር ስትመጣ አባቷ አልነበረም። ባቡሯ የትምህርት ጠረጴዛዋ ላይ ተወልውላ፣ መስታወት መስላ ቆማለች። ሥሯ ብጣሽ ወረቀት አለ። «ከእንግዲህ አታፈስም። አባባ።»

ጠጠር አነበበችው፤ ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደግማ ልታነበው ስትል ሬዲዮ ክብሪቱን ጭራ ነበር።

ከግድግዳው ማዶ የብረት ክዳን ቀጭ ብሎ ሲገጥም ተሰማ። የልብስ ሰፊዋ መንትያ ልጆች የማባዛት ሠንጠረዥ በዜማ እያሉ ያጠናሉ።

ጠጠር ጎማዎቹ ፊት እንጨት አስደገፈች፤ መርፌዋ አረንጓዴው ላይ ስትደርስ ልትለቃት። ሬዲዮ ሰኞ ማን የት እንደሚቀመጥ ትደለድላለች።

«…ያን የክፍላችንን ኩሩ ልጅ ደግሞ ከኋላ ነው የምናስቀምጠው፤ አንገቱ ረጅም ስለሆነ ይታየዋል። ቆይ፣ መርፌዋ አረንጓዴውን አላለፈችም?»

«ሬዲዮ፣ ዝም በይ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ዝም በይ። አይሰማም።»

«ምኑ?»

«ምንም።»

መርፌዋ ቀዩን መስመር ነካች። አለፈችው። ጠጠር ጎንበስ ብላ የጋኑን አናት አየች። ትንሿ መተንፈሻ የነበረችበት ቦታ ላይ የሚያብረቀርቅ ነጭ ጠብታ አለ። ሊድ፣ ቀልጦ ብረት የሚያጣብቀው። አባቷ በካውያ አቅልጦ፣ እንደ ልማዱ አሳምሮ፣ ጥርቅም አድርጎ ዘግቷታል። ዕድሜውን ሙሉ የኖረው ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ነው፤ የእንፋሎትን ጠባይ አያውቅም።

«በሩ ኋላ ሂጂ» አለች።

«ለምን?»

«ሂጂ አልኩሽ።»

በመጥረጊያው እንጨት ማንደጃውን ከባቡሯ ሥር ጎትታ አወጣች፤ የብረት ጣሳ ደፋችበት። ራሷም በሩ ኋላ ገባችና እንጨቱን በክፍተቱ አሾልካ እንፋሎቱን የሚለቀውን የፊሽካ ማንሻ ፈለገች። ሳተችው። ደግማ ሳተችው። በሦስተኛው ተጫነችው።

ባቡሯ ጮኸች። እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚያች ትንሽ ነገር ይወጣል ብሎ ማን ያስባል? ክፍሉ በጉም ተሞላ። ጩኸቱ ቀስ እያለ ቀጠነ፤ ሰለለ፤ አለቀ። ሬዲዮ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«አባትሽ» አለች፣ «ሰኞን ሊሰርዝብን ነበር እኮ።»

ጠጠር ግድግዳውን እያየች ነበር።

ሰባት ስምንት ሃምሳ ስድስት፣ ይላሉ መንትዮቹ። ሰባት ዘጠኝ ስልሳ ሦስት። ቃል በቃል ይሰማል። እሑድ ነው፤ ቦሎቄው ተጥዷል፤ ግን ከልጆቹ ድምፅ በቀር ምንም የለም፤ የድስቷ ፉጨት የለም።

ሬዲዮም ገባት። የጠጠርን እጅጌ ያዘች።

«ጋዝ ይሸታል በያት። አባትሽን አታንሺ። ሰፈሩ ከሰማ ማን ደግሞ ይጠራዋል?»

ጠጠር ሮጠች።

የልብስ ሰፊዋ በር ክፍት ነበር። እሷ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳለች። መንትዮቹ ደብተራቸውን የዘረጉበት ጠረጴዛ ከምድጃው አንድ ክንድ ቢርቅ ነው። ድስቱ ጸጥ ብሏል። ጠርዙ ብቻ፣ ልብ ብሎ ላየው፣ ይርገበገባል።

ጠጠር የምድጃውን ቁልፍ አዙራ እሳቱን አጠፋች።

«ጋዝ ይሸታል፣ እትዬ። ቶሎ ውጡ።»

ውሸቱ ሳይደናቀፍ ወጣላት። ልጆቹን በክንዳቸው ይዛ ግቢው ጥግ ድረስ ወሰደቻቸው። ልብስ ሰፊዋ መርፌ በአፏ እንደያዘች ተከተለች፤ መርፌውን አወጣችና አየሩን አሸተተች።

«እኔ ምንም አይሸተኝም። ጉንፋን ይዞኝ ይሆን እንዴ?»

በዚህ መሀል የግቢው በር ተከፈተና የጠጠር አባት የመሣሪያ ሳጥኑን እያንኳኳ ገባ።

«እንኳን መጣህ» አለችው ልብስ ሰፊዋ። «ልጅህ ጋዝ ሸተተኝ ብላ ከነልጆቼ አስወጣችኝ። ድስቷስ እጅህ ይባረክ፣ አንተ ከነካሃት ወዲህ ኮሽ አትልም። ቤት ያለች አትመስልም።»

አባቷ ሲመሰገን ሁልጊዜ እንደሚያደርገው አንገቱን አከከ።

«ጋዙ ነው? ልየው። ክዳኑንም ከፈት አድርጌ…» አለና ወደ በሩ ተራመደ።

ጠጠር ጀርባውን አየች። «ቆይ፣ ሽታው ይውጣ» ብትል ይበቃል። ድስቱ ይቀዘቅዛል፣ ሁሉም ይስቃል፣ ማንም ምንም አያውቅም። ነገ ደግሞ እትዬ ትጥደዋለች።

«አባባ፣ አትንካው።»

ዞረ። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«ጋዝ አልሸተተኝም። ዋሽቼ ነው። የዘጋኸው… መዘጋት የሌለበትን ነው። መተንፈሻውን ነው የዘጋኸው።»

የልብስ ሰፊዋ እጆች የልጆቿን ትከሻ ፈልገው አገኙና ወደ ራሷ ሳቧቸው።

«ምን ማለትሽ ነው?» አለ አባቷ። «እኔ የዘጋሁት…»

ሬዲዮ ባቡሯን በፎጣ ይዛ መጥታ ነበር፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ዘግታ። ጠጠር ተቀበለቻትና ለአባቷ ዘረጋችለት። ጋኑ ባዶ ነው፤ እንፋሎት የሚባል አልቀረበትም። መርፌዋ ግን አልተመለሰችም። ቀዩን መስመር አልፋ፣ ቁጥሮቹንም አልፋ፣ ጠርዙ ላይ ተጣማ ቀርታለች።

አባቷ የግፊት መለኪያ ማንበብ ያውቃል። መርፌዋን አየ፤ ሊዱን አየ። በተከፈተው በር ድስቱን አየ። ከዚያ ወደ መንትዮቹ፣ ወደ ጠጠር እጆችም። የመሣሪያ ሳጥኑን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«እስኪቀዘቅዝ ማንም እንዳይገባ» አለ ለልብስ ሰፊዋ። «ማንም።»

ጠጠር ልታቅፈው ፈለገች፤ ልታለቅስም ፈለገች። የጠየቀችው ግን ሌላ ነበር።

«ሌላስ የማንን ዘጋህ?»

አባቷ ጣቶቹን ማጠፍ ጀመረ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ቆየ። አራተኛውን አጥፎ ቀና ሲል ፀሐይዋ ጣሪያዎቹ ላይ ዘንበል ብላለች፤ ከየቤቱ የድስትና የውሃ ድምፅ መሰማት ጀምሯል።

«ዳቦ ቤቱ ጀርባ ያሉት» አለ፣ «እራት የሚጥዱት ስንት ሰዓት ነው?»

ጠጠር ባቡሯን ለሬዲዮ ሰጠቻትና ቀድማው ወደ ግቢው በር ሄደች።