ከኋላ የመጣው አሜን

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ መጀመሪያ ይህን እወቁልኝ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ስለ ጥላና ስለ መንፈስ ሲያወራ ሥራ አለኝ ብዬ ተነስቼ የምወጣ ነኝ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፣ ግን እንጅባራ ውስጥ ሰርግ የሚቀርጽና ዲስክ የሚያባዛ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ አንድ ነገር በደንብ ገብቶኛል፣ ድምፅ ማለት ሽቦ ነው፣ ሽቦው ከተነቀለ ድምፅ የለም፣ በቃ።

አንድ የክረምት ቅዳሜ ጠዋት አለቃዬ ጌትነት ካሜራውን እየጠረገ፣ "ዛሬ ዳንግላ ትሄጃለሽ፣ ጋሽ አያሌው ሁለት ዴክ ይዘው የትኛው እንደሚሻል መለየት አቅቷቸዋል፣ አወዳድረሽ ንገሪያቸው" አለኝ።

"እኔ?"

"አዎ አንቺ፣ አፍ ባይኖርሽ ጆሮ አለሽ" ብሎ ሳቀብኝ።

ጋሽ አያሌው እህል ነጋዴ ናቸው፣ የልጃቸውን የሙሉን ሰርግ የቀረጽነው እኛ ነን፣ ማይኩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ያን ቀን እንግዳው ሁሉ ሲበላ ግድግዳ ላይ ተለጥፌ ስቆም፣ የሙሉ ወንድም ደሳለኝ አይቶኝ "ይቺ ልጅ የቤቱ ምሰሶ ናት እንዴ? አብሏት እንጂ!" ብሎ ሰዉን ሁሉ አሳቀብኝ፣ ከዚያ ራሱ ሰሃን ይዞልኝ መጣ፣ እመኑኝ፣ ከእፍረት ብዛት አንድ ጉርሻ አልወረደልኝም። ደሳለኝ ከሰርጉ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በመተማ በኩል ወጣ፣ ሊቢያ ገባ ተባለ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ምንም አልተሰማም። በዚያ ክረምት ግን አብሮት የወጣው ልጅ ደውሎ "ጀልባዋ ተገልብጣለች፣ እሱን ከወጡት ጋር አላየሁትም" አለ። አባትየው ልጄ ሞቷል፣ ለቅሶ እንቀመጥ አሉ፣ እናትየው እትዬ ጥሩወርቅ ደግሞ ሬሳውን ሳላይ አላለቅስም ብለው እምቢ አሉ፣ ሽማግሌዎች ይህን ሊጨርሱ የሚመጡት በማግሥቱ እሁድ ነበር።

የዴኩ ጣጣም ከዚሁ የመጣ ነው። የደሳለኝ ድምፅ ያለው በዚያ የሰርግ ዲስክ ላይ ብቻ ነው፣ ጋሽ አያሌው ለሳሎናቸው ትልቅ ቴሌቪዥን፣ አምስት ስፒከር ያለው ሆም ቴአትርና አንድ ብርማ ዴክ ከአዲስ አበባ አስመጡ፣ እናትየው "ይሄ የልጄ ድምፅ አይደለም፣ ቀጥኗል" አሉ። ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ብሉሬይ የሚባል ጥቁር ከባድ ዴክ አመጣ፣ እሱን ሲሰሙ "እሱ ነው" አሉ፣ ከዚያ ወዲህ ከፊቱ አልነሳም አሉ።

እኔ ስደርስ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል፣ ሳሎኑ በቀን ጨልሟል።

"ቆሰበር ብርዱ እንዴት ነው?" አሉ ጋሽ አያሌው፣ እንጅባራን በሌላ ስሟ ጠርተው።

"ደህና ነው" አልኩ ጫማዬን እያየሁ።

"እንግዲህ አንቺ ባለሙያ ነሽ፣ ለኔ ሁለቱም አንድ ናቸው፣ እሷ ግን በዚህ ጥቁር ዕቃ ልታብድብኝ ነው። የማይሻለውን እመልሰዋለሁ።"

"ዕቃውን አይደለም የምሰማው፣ ልጄን ነው" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ ከወንበራቸው ሳይዞሩ።

ዴክ ስናወዳድር ዲስኩ አንድ፣ ቦታው አንድ፣ የድምፁ ቁጥር አንድ መሆን አለበት፣ ሃያ ላይ አድርጌ በብርማው ጀመርኩ። ዲስኩን ቶሎ ያነባል፣ ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ ግን ነጩ ይቃጠላል፣ የሙሽራዋ ነጠላ እንደ በራ አምፖል ሆኖ ክሩ አይታይም፣ የሰዉም ድምፅ በቆርቆሮ ውስጥ ያለፈ ይመስላል። ገመዱን ነቅዬ ጥቁሩ ላይ ሰካሁ፣ እሱ ዲስኩን ጥቂት ሲያላምጥ ቆየ፣ ከዚያ ምን ልበላችሁ፣ በዳሱ ጥላ ውስጥ የሰዉ ግንባር ላይ ያለው ላብ ሳይቀር ታየ፣ ከበሮው ደረት ይመታል፣ "ይቺ ልጅ የቤቱ ምሰሶ ናት እንዴ?" ሲል ደሳለኝ አጠገቤ የቆመ ያህል ጆሮዬ ጋለ። እናትየው እውነታቸውን ነበር፣ ጥቁሩ ይሻላል፣ ጆሮ ላለው ሰው ክርክር የለውም።

እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር፣ ግን ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲናገር ድምፁ እንዴት እንደሚለይ ለማየት ምርቃቱ ጋ ሄድኩ። ሽማግሌው ቆመው "የወለዳችሁት ይባረክላችሁ፣ ከቤት የወጣውን በሰላም ይመልስላችሁ" ሲሉ ቤቱ በሙሉ አሜን አለ፣ እኛም ሦስታችን አሜን አልን፣ ምርቃት ከቴሌቪዥንም ቢመጣ ዝም አይባልማ። ሁሉም ዝም ካለ በኋላ፣ ከጀርባዬ በመስኮቱ በኩል፣ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገና ረጋ ብሎ "አሜን" አለ።

ጋሽ አያሌው ቴሌቪዥኑን እያዩ ነው፣ ምንም አልመሰላቸውም። እትዬ ጥሩወርቅ ግን የወንበሩን እጀታ ጨብጠው እኔን እያዩ ነው።

ድምፁ የደሳለኝ ነበር፣ ግን እኔ ያን ዲስክ ስንቴ አባዝቼዋለሁ፣ እንዲህ ያለ አሜን የለበትም። ደግሞም ምርቃቱ ሲመረቅ ደሳለኝ ከቤት ውጭ ነበር፣ የጠላ ጋን ተሸክሞ ዳሱን ሲሻገር በበሩ በኩል አይቼዋለሁ፣ ማይኩ እኮ በእጄ ነበር። ወደ ብርማው መለስኩት፣ ምርቃቱ አለ፣ የሰዉ አሜን አለ፣ ከኋላ ምንም የለም። እንደገና ጥቁሩን አደረግሁ፣ አሁን ግን ሽማግሌው "ከቤት የወጣውን" ብለው ሳይጨርሱ፣ ሰዉን ሁሉ ቀድሞ፣ ከኋላ "አሜን" አለ።

"ምነው ደጋገምሽው?" አሉ ጋሽ አያሌው።

"የኋላውን ስፒከር ልየው ብዬ ነው ጋሼ።"

"እሱን ተይው፣ ገመዱ አጥሮ ነው የተቀመጠው።"

ሄጄ አየሁት። ጨርቅ ለብሶ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፣ ሽቦው ተጠቅልሎ መሬት ላይ ነው፣ የመዳቡ ጫፍ ከምንም ነገር ጋር አልተገናኘም። ዕቃውን እንዲያው ልዳብሰው እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩት፣ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

"እና? የትኛው ነው የሚሻለው?"

እትዬ ጥሩወርቅ ተነስተው አጠገቤ መጡ፣ በአገውኛ፣ ባልየው እንዳይሰሙ ዝቅ አድርገው፣ "ሰምተሻል፣ ፊትሽ ነግሮኛል፣ ንገሪው ልጄ፣ ነገ ልጄን በቁሙ ሊቀብሩብኝ ነው" አሉኝ።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ሰምቻለሁ ብል እኒህ ሴት ዕድሜ ልካቸውን ዴክ ፊት ተቀምጠው ሊቀሩ ነው፣ አልሰማሁም ብል ነገ ለቅሶ ነው፣ እሱ ደግሞ በሕይወት ካለስ? ይህን ሁሉ ያሰብኩት ግን በኋላ ነው፣ ያን ጊዜ የፈለግሁት ከዚያ ቤት መውጣት ብቻ ነበር።

"ብርማው ይሻላል ጋሼ" አልኩ። "ጥቁሩ ላይ ምንም የተለየ ነገር የለም።"

እናትየው አልተቆጡም፣ ተመልሰው ተቀመጡ። ጋሽ አያሌው ጥቁሩን ነቅለው በማዳበሪያ ጠቀለሉና "ዓይኗ እንዳያየው፣ ዘመዴ እስኪወስደው እናንተ ዘንድ ይቀመጥ" ብለው አሸከሙኝ፣ በሚኒባሱ እስከ እንጅባራ ጭኔ ላይ ይዤው መጣሁ። እሁድ ለቅሶ ተቀመጡ፣ ሰው እንደ ጉድ አለቀሰ አሉ፣ እኔ አልሄድኩም።

ዘመድየው ሊወስደው አልመጣም፣ ጥቁሩ ዴክ መደርደሪያችን ላይ ነው፣ ጌትነት እንሞክረው ባለ ቁጥር ገመዱ ጠፍቷል እለዋለሁ፣ ገመዱን የደበቅሁት ራሴ ነኝ። ከሁለት ወር በኋላ እትዬ ጥሩወርቅ ጥቁር ለብሰው ሱቁ መጡ፣ ጃንጥላቸውን አጥፈው ደንበኛው እስኪወጣ ጠበቁ።

"እኛስ ስሙን ጠርተን አለቀስንለት" አሉ መደርደሪያውን እያዩ። "እሱ አሁንም አሜን ይላል?"

"አልከፈትኩትም እትዬ።"

"አልከፈትሽውም። እና ሳትከፍቺውስ አይልም?"

መልሴን ሳይጠብቁ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወጡ።

አሁንም ሰርግ ቤት ማይክ ይዤ እቆማለሁ፣ ምርቃት ሲመረቅ ግን ከሰዉ ጋር አሜን ማለት ትቻለሁ፣ ሁሉም ብሎ እስኪጨርስ ጠብቄ፣ የቀረ ሰው መኖሩን አዳምጣለሁ።