ጎህ ሲቀድ የሚነፋው ፊሽካ

«ሞታም አላረፈችም ስላችሁ! ጎህ ሲቀድ ተነስታ ፊሽካዋን ትነፋለች!» ብላ ሰፈሩን ያመሰችው ባለሱቋ ናት። እሷ ደሞ ዝንብ ስታስነጥስ ሰምታ ለቅሶ የምትቀመጥ ሴት ናት፤ ማን ያምናታል? ግን ወይ ጉድ፣ ይሄኛውን ሌላውም ሰማ። የውሻ ማሠልጠኛው ሜዳ ባዶ፣ በሩ ዝግ፣ የሜዳው ባለቤት ከተቀበረች ሰንብታለች። ፊሽካው ግን ይነፋል።

ሟቿን ሁሉም እማማ ፊሽካ ነበር የሚላት። ውሾችን ለመሰናክል ውድድር ታሠለጥን ነበር፤ አግዳሚ እንጨት መዝለል፣ በሸራ ዋሻ መሹለክ፣ በተተከሉ ዘንጎች መሃል መጥመዝመዝ። ፊሽካዋ ካንገቷ ወርዶ አያውቅም። አንድ ማለዳ እዚያው ሜዳዋ ላይ ወድቃ ተገኘች። ጭንቅላቷ ከመወጣጫው ጣውላ ብረት እግር ጋር ተጋጭቷል፣ አንድ አግዳሚ እግሯ ስር ወድቋል። አጠገቧ የተገኘው ድንቡሼ ብቻ ነው፤ ገና ወተት ወተት የሚሸት ቡችላ። «ሲዘል እሱ ነው ጠልፎ የጣላት፤ ሰው የገደለ ውሻ አይኖርም» ተብሎ ተፈረደበት። የእንስሳት ሐኪሙ ነገ መጥቶ በመርፌ ሊገላግለው ነው።

ጉጉት የመጣችው ያኔ ነው። መርማሪ ናት፤ ዓይኗን ሳታርገበግብ ስለምታይ ባልደረቦቿ ያወጡላት ስም ነው። ሜዳው ውስጥ ስትገባ ግን እሷንም ብርድ ብርድ አላት። ንፋስ ሲገባበት ሸራው ዋሻ እንደ ደረት ይነፋል፣ ደሞ ይሟሽሻል፤ የሚተነፍስ ነው የሚመስለው። ድንቡሼ የዋሻው አፍ ላይ ተቀምጦ ወደ ጨለማው ያያል። የቀሩት አግዳሚዎች በየቋሚያቸው ከጭኗ በላይ ተሰቅለዋል።

«አክስቴ ከሞተች ወዲህ ከዚያ ንቅንቅ አላለም» አላት የሟቿ የወንድም ልጅ። «እህልም አይቀምስልኝ።»

«ታዲያ አልከሳም።»

«እሱ ነው የሚገርመኝ።»

«የዛን ቀን ማንን ልታሠለጥን ነበር?»

«ድንቡሼን ብቻ። የመጀመሪያ ቀኑ ነበር፤ ልጅ እንደምትድር ነበር ደስ ያላት። ሜዳውን አመሻሽ ላይ እኔው ነኝ ያሰናዳሁላት። ጠዋት ወድቃ ሳያት ስጮህ ነው ሰው የደረሰ። ምንም አልነካሁም።»

ጉጉት ባለሱቋን ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ለወሬው እንጂ ለውሻው አልደፈረችም፤ ካጥሩ ወዲህ አንድ ቀን እግሯን አላስገባችም። «እኔ? ውሻ ሲያዛጋ እንኳ ሱቄን እዘጋለሁ!» አለች። «ይልቅ ባለዋንጫውን ጠይቂው። ክፉኛ ተጣልተው ነበር።»

ባለዋንጫው የድሮ ተማሪዋ ነው። ሲመጣ ያን ጥጃ የሚያክል ውሻውን አስከትሎ ነው። ውሻው የፊት እግሩን አንስቶ ቆመ።

«ያነክሳል እንዴ?» አለች ጉጉት።

«ደክሞት ነው። ይሄ እኮ ዓመት ሳይሞላው ነው ዋንጫ የወሰደው!»

«ከሷ ጋር የተጣላችሁት በምንድነው?»

«የአሮጊት ጭቅጭቅ ነዋ! ካባረረችኝ ወዲህ ይሄን ሜዳ ረግጬው አላውቅም።»

«ቡችላው እንዴት የጣላት ይመስልሃል?»

«ቡችላ አግዳሚ ሲዘል እግር ስር ይገባል። ስንቴ አይቻለሁ።»

በነጋታው ጎህ ሳይቀድ ጉጉት አጥሩ ጥግ ቆማ ጠበቀች። ፊሽካው ተነፋ። ፀጉሯ ቆመ። ድንቡሼ ዘሎ ተነሳና በዋሻው ሾልኮ ጠፋ። ጉጉት በወዲያኛው አፍ ዞራ ብትደርስ ልብስ ሰፊዋ፣ የሟቿ የልብ ጓደኛ፣ ተንበርክካ ታበላዋለች። ሸራውን ዋሻ የሰፋችውም እሷው ናት።

«በሰማይ አምላክ እትዬ፣ ሰዉን እኮ ጨረሱት!»

«ሳይገንዟት ካንገቷ ወሰድኩት። ያለ ፊሽካው አይበላማ! አደራዋ ነው።»

«ለምን በግልጽ አይመጡም?»

«የወንድሟ ልጅ ሊያስገድለው ቆርጧል። ‹አታለማምጂው› አለኝ።» እንባዋን በሻሿ ጠረገች። «እሷ ድንቡሼን እንደ እንቁላል ነበር የያዘችው። ‹አጥንቱ ሳይጠና አይዘልም› ትል ነበር፤ ‹ሲቸኩሉ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።› አግዳሚውን መሬት ላይ አስተኝታ፣ ረግጦት እንዲያልፍ ብቻ።»

ጉጉት ፊሽካውን ተቀብላ ቦርሳዋ ከተተች። ሐኪሙ መርፌውን ይዞ ሲደርስ ሁሉንም ሜዳው ላይ ሰበሰበቻቸው።

«አግዳሚዎቹን ስታሰናዳ የት አደረግካቸው?» አለችው የወንድሟን ልጅ።

«መሬት ላይ ነዋ፣ እንደ ትዕዛዟ...» ቀና ብሎ አግዳሚዎቹን አየ። «ማን ሰቀላቸው?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው። አንድ ሰው እሷ ከወደቀች በኋላ ሰቀላቸው፤ አንዱን እግሯ ስር ጣለ፣ ቡችላው ሲዘል ጠልፎ የጣላት እንዲመስል። አንተ ብትሆን እዚያው መሬት ላይ በተውካቸው፤ እግር ለመጥለፍ ያም ይበቃል። እትዬም ቡችላ አይዘልም የሚለውን ሕጓን ያውቃሉ። ባለሱቋ የቋሚውን ማጥበቂያ ቁልፍ እንዴት እንደሚፈታ እንኳ አታውቅም። የሰቀላቸው ሰው ሥራውን ያውቃል፤ ቡችላ መዝለል እንደሌለበት ግን ልቡ አልተቀበለውም። ያንን ውሻ ወደዚህ አምጡልኝ።»

የባለዋንጫውን ውሻ አግዳሚው አጠገብ አቆሙት። ትከሻውና አግዳሚው እኩል ሆኑ። እንዲህ ያለ ግዙፍ ውሻ በሰፈሩ ሌላ የለም።

«እጅህ በለመደው ከፍታ ሰቀለ» አለች ጉጉት። «ይሄንን ሳይጠና አስዘልለህ ሰበርከው፤ የተጣላችሁትም በዚሁ ነው። ያንኑ ስህተት ሬሳዋ አጠገብ ደገምከው።»

ባለዋንጫው ላብ አጠመቀው። «ገፋ ነው ያደረግኳት! ልለምናት ነበር የመጣሁት፤ ከውድድር አሳግድሃለሁ አለችኝ። መተንፈሷን ሳይ... ሰው ልጠራ ነበር... ግን...»

«ትተነፍስ ነበር?» አለ የወንድሟ ልጅ።

ያኔ ድንቡሼ ጆሮውን ቀስሮ ወደ ዋሻው ዞረ፤ የጠራው እንዳለ ሁሉ ጭራውን ወዘወዘ። ሸራው ተነፋ፣ ተሟሸሸ። ጉጉት ቦርሳዋን ዳሰሰች፤ ፊሽካው እዚያው አለ።

«በአንድ ውሻ የተነሳ እኮ ነው ይሄ ሁሉ!» ብሎ ባለዋንጫው ጮኸ።

ልብስ ሰፊዋ ቡችላውን አቅፋ ተነሳች።

«እሷ እያጣጣረች አንተ አግዳሚ ስትሰቅል፣ ይሄ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። ‹አንተ ውሻ› ልልህ ነበር፤ ድንቡሼን መስደብ ሆነብኝ።»

ሐኪሙ መርፌውን ቦርሳው ውስጥ መለሰ።