የደጋን ሰንበር

አሰልጣኝ ደግሰው ሞቶ የተገኘው ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ከሰቆጣ ዳር ባለው የልምምድ ሜዳ ነው። ለባህል ስፖርት ውድድር የሚዘጋጀው የቀስት ቡድን ከመምጣቱ በፊት ዒላማ ሊተክል ብቻውን ወጥቶ ነበር። በጀርባው ተንጋሏል፤ ደረቱ ላይ ቀስት ተሰክቷል። ሌላ ቀስት ከኋላው ካለው ዒላማ ሥር አፈሩን ወግቶ ቆሟል። ደጋኑ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቆ ቦይ ውስጥ ተጥሏል።

ኢንስፔክተር ጥሩሐረግ ደጋኑን አንስታ አገላበጠችው። ወፍራም የወይራ እንጨት ነው።

«የደጋኑ ጅማት እንዳይገርፍ ክንድ ላይ የሚታሰረው ቆዳስ?» ስትል ጠየቀች።

«ሁሉም ዕቃ ቤት ተቆልፎባቸዋል፤ ቁልፉ ሟቹ ኪስ ውስጥ ተገኝቷል» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ። «ደጋኖቹ ግን በር በሌለው ዳስ ውስጥ ናቸው። የሜዳው ዘበኛ እንደሚለው ያን ሰዓት ከሟቹ ሌላ ግቢው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው።»

«እንግዲህ ገዳዩ በባዶ ክንዱ ነው የወረወረው። ያውም ሁለቴ።»

መጀመሪያ ያነጋገረቻት ፅዮንን ነው፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ቡድኑን የተቀላቀለች ገና በቅርቡ። ግራ ክንዷ በውስጥ በኩል በልዟል፤ ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኗል።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«የደጋኑ ጅማት ነው የገረፈኝ። ደጋኑን የያዘውን ክንድ ነው የሚመታው። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ነው። አመመኝ ስለው አሰልጣኙ ‹ካልቻልሽ ወደ ቤትሽ› አለኝ።»

ቀጥሎ ምንዋጋው ገባ። የቡድኑ ምርጥ ወርዋሪ ነበር፤ ቀኝ ትከሻው ከተጎዳ ወዲህ ቀስት ለቃሚ ሆኗል። ማክሰኞ ዕለት አሰልጣኙን ሰው ፊት ሲሰድበው ተሰምቷል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«ፅዮንንም እንደኔ ሊያደርጋት ነበር። እኔን ትከሻዬ እየተንቋቋ ሦስት ወር አሠርቶኛል። ዛሬ ሞፈር መያዝ አልችልም።»

«ስለዚህ ገደልኸው?»

ምንዋጋው መሬት መሬት እያየ ትከሻውን አሻሸ።

ሦስተኛው ተጠያቂ የምንዋጋው ታላቅ ወንድም ወንዳወቅ ነበር፤ ወላጆቻቸው ሲሞቱ ምንዋጋውን ያሳደገው እሱ ነው። ከጎረቤት ወረዳ ከጋዝጊብላ እየመጣ፣ ምንዋጋው ቤት እያደረ ለቡድኑ ደጋን ይሠራል። ጥሩሐረግ ዳሱ ውስጥ ስታገኘው በግራ እጁ ቢላ ይዞ እንጨት ይልጋል። ቢላውን የጨበጠው በአውራ ጣቱና በመዳፉ ብቻ ነው፤ መካከለኞቹ ሦስት ጣቶች አይታጠፉም። ቀኝ ክንዱ በጨርቅ ተጠምጥሟል።

«ክንድዎን ምን አገኘው?»

«እንጨት በእሳት ሳጎብጥ ፈጀኝ።»

«ደጋን ወርውረው ያውቃሉ?»

«መሥራት እንጂ መወርወሩን አላውቅበትም፣ እመቤቴ።»

ጥሩሐረግ ወደ ሜዳው ወጥታ ያንኑ የወይራ ደጋን ሁለት ጊዜ በባዶ ክንዷ ወረወረች። ሁለተኛው ላይ ጥርሷን ነከሰች።

ረፋድ ላይ ሁሉንም ዳሱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ገና አፏን ሳትከፍት ምንዋጋው ብድግ አለ።

«እኔ ነኝ የገደልሁት። ሌላ ሰው አታድክሙ።»

ኢንስፔክተሯ ደጋኑን ሰጠችው። «እስቲ ሳበው።»

ሳበው። ጅማቱ አንድ ስንዝር እንኳ ሳይመጣ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ላብ በግንባሩ ወረደ። እንደገና ሞከረ፤ ትከሻው ቀጭ ሲል ሁሉም ሰሙት።

«ይተዉት!» ወንዳወቅ ጮኸ። «ሊያወልቁት ነው እኮ!»

ጥሩሐረግ ደጋኑን ከምንዋጋው እጅ ወሰደች። ድምፅዋ ዝግ ብሎ ነበር።

«ይህን ደጋን ምንዋጋው ሊስበው አይችልም። የፅዮን ሰንበር ደግሞ የሳምንት ነው፤ ቢጫ ሆኗል። ዛሬ ጠዋት በባዶ ክንዱ የወረወረ ሰው ትኩስ ሰንበር ሊኖረው ይገባል፤ እንዲህ ያለ።» እጅጌዋን ሰበሰበች። ግራ ክንዷ ላይ ቀይ መስመር አብጦ ይታያል። «ጣቶቼም አይታጠፉም፤ ጅማቱን የሳቡት ሦስቱ። እኔ በቀኝ እጄ ስለምስብ የተገረፈው ግራ ክንዴ ነው። ግራኝ የሆነ ሰው ግን ጅማቱን በግራው ይስባል፤ የሚገረፈውም ቀኝ ክንዱ ነው። አቶ ወንዳወቅ፣ እርስዎ ግራኝ ነዎት። እሳት የፈጀው ቆዳ ውሃ ይቋጥራል። ጨርቁን ይፍቱልኝ።»

ወንዳወቅ ቀስ ብሎ ፈታው። ውሃ የቋጠረ ነገር የለም። ሁለት ወይን ጠጅ የመሰሉ ሰንበሮች ጎን ለጎን ተጋድመዋል።

«የመጀመሪያውን ሳትሁት» አለ። «ዞር ብሎ አየኝና ‹ምነው ወንዳወቅ?› አለኝ። ክንዴ እየነደደ ሁለተኛውን ለቀቅሁት።»

ፅዮን አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አያ» አለ ምንዋጋው፣ «እኔ መቼ ግደልልኝ አልሁህ?»

«አላልህም። ሌሊት ሌሊት ስታቃስት ግን ከጎንህ የምተኛው እኔ ነኝ።»

ፖሊሱ ካቴና አወጣ። ምንዋጋው ወንድሙን ሊያቅፈው ተጠጋ፤ ቀኝ እጁ አልነሳለት አለ። በግራው አንገቱን ጠምጥሞ ያዘው። ሁለት ፖሊሶች መጥተው እስኪያላቅቋቸው ድረስ አለቀቀውም።