ያልደማው ግንባር

ስለ ደም ከዓለም ሕዝብ ሁሉ በላይ የሚያውቀው ሰው ማክሰኞ ጧት ሞቶ ተገኘ። ሃያ ዓመት ሙሉ የተቀደደ ሥጋ በማጉያ መነጽር ሲመረምር ከመኖሩ የተነሳ፣ ትንኝ ነክሳው ብትበር የትኛውን የደም ሥር እንደመረጠች ይነግራት ነበር። ባልደረቦቹ «ሊቁ» ይሉታል። ሊቁ በሆስፒታሉ ቤተ ሙከራ ቀዝቃዛ ክፍል ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ግንባሩ ተሰንጥቋል፤ የብረት መደርደሪያውን ጠርዝም ትንሽ ደም ነክቶታል።

«ተንሸራቶ ነው» አለ ምክትሉ፣ የነጭ ጋውኑን ቁልፍ እየቆለፈ። «ይህ ወለል እርጥብ ነው ብዬ ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ።»

ኢንስፔክተሯ ጓንቷን አጠለቀች። አጭር ናት፤ ሃምሳን ተሻግራለች፤ ፖሊስ ጣቢያ «ወንፊት» ነው የሚሏት። ሰይጣን በሰፈሯ ሲያልፍ ጫማውን በእጁ ይዞ ነው ይባላል፤ ጎረቤቶቿም በመሐላ ያጸናሉ። ቁጢጥ ብላ ግንባሩን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ተነስታ የሟቹን ሚስት አስጠራች።

ሚስትየዋ ዐይኗ አብጧል፤ ድምጿ ግን አልተሰበረም።

«ማታ አለመምጣቱ አላስደነገጠዎትም?»

«እዚህ ማደር ልማዱ ነው። ከእኔ ይልቅ ከማቀዝቀዣው ጋር ነው የተጋባው።»

«መድኃኒት ይወስድ ነበር?»

«ለልቡ፣ ደም የሚያቀጥን። ጢሙን ሲላጭ ትንሽ ከተቆረጠ ፎጣ ነበር የምናርሰው። የሰው ደም ያቆማል፣ የራሱ ያቅተዋል እያልኩ እስቅበት ነበር።» ዐይኗን ጠረገች። «እሑድ ዕለት ‹አንድ ሰው በስሜ ሰው አስገድሏል፤ ማክሰኞ ለቦርዱ አቀርበዋለሁ› አለኝ። ማን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

«በምላጭ ጭረት ፎጣ የሚያርስ ሰው ግንባሩ እስከ አጥንት ተሰንጥቆ መሀረብ እንኳ አላራሰም» አለች ኢንስፔክተሯ፣ ለራሷ እንደምታወራ። ቀጥላም ወደ ምክትሉ ዞረች። «ዶክተር፣ እዚህ ምን እንደምትሠሩ ያስረዱኝ። ለአያትዎ እንደሚያስረዱ አድርገው።»

«የደም ሥር ሲቀደድ ተሸፍኖ የኖረ ነገር ይገለጣል፤ የሚፈሰው ደምም እዚያ ላይ የክር መረብ ያደራል። እኛ የምንፈልገው በጤነኛ ሥጋ ላይ የሌለ፣ በቁስል ላይ ብቻ የሚገኝ ምልክት ነው። ያን ምልክት አገኘነው። ደም የሚያቆመው መድኃኒታችን ሲወጋ ሰውነትን ሁሉ ዞሮ ምልክቱ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ይጣበቃል።»

«እንደ ዝንብ።»

«እንደ ዝንብ» አለ ቅር እያለው። «ለመፈተሻ ደግሞ የሚያበራ ቀለም ያሰርንበት ፈሳሽ አለን። ፈላጊው እንለዋለን። ቁስል ላይ ሲንጠባጠብ በሰማያዊ መብራት አረንጓዴ ይበራል።»

«ከሞት በኋላ የተቀደደ ሥጋስ?»

«ደም ካልዞረ ክር የለም። ክር ከሌለ ብርሃን የለም።»

«እንግዲያው ፈላጊውን አምጡልኝ።»

የአስከሬን መርማሪው ሐኪም ፈሳሹን በሊቁ ግንባር ላይ አንጠባጠበ። መብራት ጠፋ፤ ሰማያዊው በራ። ግንባሩ እንደ ጉድጓድ ጨለማ ሆነ። ኢንስፔክተሯ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲፈተሽ አዘዘች። ግራ ክንዱ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ፣ ከሰናፍጭ ቅንጣት የማትበልጥ አንዲት ነጥብ ክፍሉን ሙሉ ያበራች እስክትመስል ድረስ አረንጓዴ በራች። የመርፌ ቀዳዳ ናት። ዙሪያዋ ንጹሕ ነው፤ ብልዝ የለው፣ እብጠት የለው።

ከቀትር በኋላ የደም ምርመራው ደረሰ። ሊቁ የተወጋው ለሙከራ እንስሳት የሚሰጥ ማደንዘዣ ነው፤ መጠኑ ሦስት ዝሆን አስተኝቶ አራተኛውን ያስዛጋ ነበር። የማደንዘዣው ሳጥን ቁልፍ ያላቸው ሊቁ፣ ምክትሉና የጥናቱ ነርስ ናቸው። የሊቁን ቁልፍ ሚስትየዋም ልትወስድ ትችላለች።

ነርሷ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ጥቁር የለበሰች ሴት ናት። ሳትጠየቅ ጀመረች።

«ታናሽ ወንድሜ እዚህ ነው የሞተው። ባለፈው ወር። ከሞተር ሳይክል ወድቆ መጣ፤ የእኛው መድኃኒት ተወጋ፤ አልያዘም። እጁን እንደያዝኩት ደሙ አለቀ። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት።»

«ሊቁን ትጠይው ነበር?»

«እወደው ነበር ብዬ ልዋሽዎት?»

«አትዋሺኝ። ይልቅ ስኳሬን እንዳየው ደሜን ቅጂልኝ።» እጅጌዋን ጠቀለለች። «ዶክተርም በሌላኛው ክንዴ ይቅዱልኝ። ሁለታችሁ ከተስማማችሁ አምናለሁ።»

ምክትሉ ቀዳ፤ ጥጥ ጣል አድርጎ «ክንድዎን እጠፍ ያድርጉት» አለና ዞሮ ሄደ። ነርሷ ግን ከቀዳች በኋላ ክንዱን ቀጥ አድርጋ ጥጡን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ኢንስፔክተሯ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ኑሮ ውድነት ዐሥር ደቂቃ አወራች። የነርሷ አውራ ጣት አልተነቃነቀም።

«እኔ እኮ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት አልወስድም፣ ልጄ።»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው» አለች ነርሷ።

በማግስቱ ሁሉም በስብሰባ አዳራሹ ተቀመጡ፤ ሚስትየዋ፣ ምክትሉ፣ ነርሷ፣ በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች።

«ሊቁ አልወደቀም» ብላ ጀመረች ኢንስፔክተሯ። «ግንባሩ የተሰነጠቀው ልቡ ካቆመ በኋላ ነው፤ አልደማም፣ አልበራም። በሕይወት ሳለ የቆሰለው በመርፌ ብቻ ነው። አልታገለም፤ ክንዱን ራሱ ነው የዘረጋው። ሰኞ ሰኞ የደሙን ቅጥነት ለማስለካት ክንዱን የሚዘረጋለት ሰው ስላለ።»

ነርሷ ቀና አላለችም።

«ደሙ የቀጠነ ሰው በመርፌ ሲወጋ ይበልዛል፤ ካልተጫኑት በቀር። ሚስቱ መርፌ ይዛ አታውቅም። ዶክተር ክንድ አሳጥፈው ይሄዳሉ፤ የእሳቸው በሽተኞች አይጦች ናቸው። ለሚሞት ሰው የመርፌ ቀዳዳ ዐሥር ደቂቃ የሚጫነው፣ ልቡ ቢከዳውም እጁ የማይከዳው ሰው ነው። ከዚያ ሊቁ የተቀመጠበትን ባለ ጎማ ወንበር እየገፋ ቀዝቃዛው ክፍል አስገባው፤ የተንሸራተተ እንዲመስልም ግንባሩን ከመደርደሪያው ጠርዝ ጋር አጋጨው።»

«ምነው፣ ምን አደረገሽ?» አለች ሚስትየዋ ወደ ነርሷ ዞራ።

ኢንስፔክተሯ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ይህ ከነርሷ መሳቢያ የተገኘ ነው። መድኃኒቱ በማቀዝቀዣ ብልሽት ተበላሽቶ ቁስል ላይ መጣበቅ እንዳቆመ የሚገልጽ ሪፖርት ነው። ግርጌው ላይ ‹ሥራው ይቀጥል› ይላል፣ ከሊቁ የስም ማኅተም፣ ከቲተሩ ጋር። ቀኑ ያለፈው ወር ዐሥራ አራት። ወንድሟ በተበላሸው መድኃኒት የሞተው በዐሥራ ስድስት ነው።»

«አያችሁ» አለ ምክትሉ፣ እንደ ማዘን ብሎ። «ሟቹን መውቀስ ይከብዳል እንጂ…»

«አይክበድዎት፣ አይወቅሱትም። በዐሥራ አራት ሊቁ በልቡ ምክንያት እዚሁ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። እንዴት አወቅሽ ካላችሁኝ፣ ነርሷ ደም በቀዳች ቁጥር የምትሞላው የደም መዝገብ ይናገራል፤ ‹ዐሥራ አራት፣ አልጋ ስድስት፣ ሊቁ› ይላል።» መዝገቡን ወደ ነርሷ ገፋችው። «ጽሕፈቱን ታውቂዋለሽ።»

ነርሷ የራሷን የእጅ ጽሑፍ አየች። ሐዘን ሲያሳብዳት ቲተሩን እንጂ ቀኑን አላየችም ነበር። 

«ሊቁ ሲተኛ ቲተሩ በማን እጅ ነበር?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«በምክትሉ» አለች ሚስትየዋ ቀስ ብላ።

«ሊቁ ደረሰበት፤ ማክሰኞ ሊያጋልጠው ነበር። ስለዚህ ያን ወረቀት አንድ ሰው ከማክሰኞ በፊት ለነርሷ ሰጣት። መርፌው የእሷ ነው፤ የቀሰረው ግን ሌላ ነው።»

ምክትሉ ሳቀ። «ሰጠሁ ያለ ማነው? ቲተር መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ማንም ያነሳዋል። ምስክር አለሽ?»

«የለኝም» አለች ኢንስፔክተሯ፣ ወንበሯን ስባ እየተቀመጠች። «እውነቱን ላውጣው፣ በእሷ ላይም የረባ ማስረጃ የለኝም። ሰው በአውራ ጣት አይፈረድበትም፤ ደህና ጠበቃ በግማሽ ቀን ያስፈታታል። ዶክተርም ወደ ቤትዎ ይሄዳሉ፤ የሊቁ ቦታም ለእርስዎ ነው። ወረቀቱን ማን እንደሰጠ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንደኛው አይናገርም። ሁለተኛዋ ከተናገረች ደግሞ ምን እንዳደረገችበት መናገሯ አይቀርም።»

 ምክትሉ ነርሷን አየት አድርጎ በቀስታ ራሱን ነቀነቀ፤ ዝም በይ፣ ሁለታችንም እንትረፍ ማለቱ ነው።

ነርሷ ወደ ሚስትየዋ ዞረች። «ይቅርታ አልልዎትም። ለዚህ የሚሆን ይቅርታ የለም።» ከዚያ ምክትሉን አየችው፤ እንደ ሰው ሳይሆን፣ ከመወጋቱ በፊት የመርፌው ቦታ እንደሚመረጥለት ክንድ። «ሐሙስ ነው የሰጠኝ፤ ማቀዝቀዣዎቹ ጋ፣ በአራት ሰዓት። ‹ወንድምሽን ማን እንደበላው እወቂ› አለኝ። ማደንዘዣው የት እንዳለ ሳልጠይቀው ነገረኝ።»

«አበድሽ እንዴ? ሃያ ዓመት ነው የሚፈረድብሽ» አለ ምክትሉ።

«ከአንተ ጋር ከሆነ ትንሽ ነው።» ነርሷ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች። «የሚጽፍ ሰው አምጡ። ቀስ ብዬ ነው የምናገረው፤ አንዲት ቃል እንድታመልጣችሁ አልፈልግም።»