ከስምንቱ ፎቶዎች አምስተኛው

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ከደረጃው ሥር ሞቶ ተገኘ። ጠዋት በሩን ከፍታ ያገኘችው፣ ጩኸቷንም ያቀለጠችው እዚያው የምትሠራው ልጅ፣ አጣሪ ናት። በሩ ተቆልፎ ነበር። አንዱ ቁልፍ በሟቹ ኪስ፣ ሌላው በእሷ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ሦስተኛው ከወር በፊት ጠፋ ተብሏል። እንግዲህ ፖሊስ ማንን ይጠርጥር? ከቀብር መልስ ይዘው አሰሯት።

አጣሪ ያላት ሟቹ ነበር፤ የደበዘዘ ፎቶ በእጇ ገብቶ ሳይጠራ አይወጣም። በሰባት ዓመቷ ወላጆቿን አጥታ ወደ ቤቱ ስትመጣ ሚስቱ አቅፋት፣ «እትዬ አትበይኝ፤ እማ በይኝ» አለቻት። ይኸው አሥራ አምስት ዓመት እማ ስትል ኖረች። አሁን አንጀቷን የሚበላት እስሩ አልነበረም፤ እማ ባሌን ገደለችብኝ ብላ አምና ይሆን የሚለው ነው።

መርማሪዋ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት፤ ዓይኗ ግን አያድርስ! አንድ ፎቶ አጣሪ ፊት አኖረች፤ መስኮት አጠገብ ባዶ ወንበር፣ ከጎኑ የደረጃው አናት።

«የመጨረሻ ሥራው ነው። ሲመሻሽ፣ ያለ መብራት የተነሣ። ታዲያ እንዴት እንዲህ ጠራ?»

«አይኤስኦውን፣ ማለት ካሜራው ብርሃን የሚስብበትን መጠን፣ ከፍ አድርጎ ነው። እንደዚያ ሲሆን ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ስለዚህ ካሜራው በማቆሚያ ላይ ሆኖ በየአሥር ሰከንዱ ራሱ ያነሣል፤ ስምንት ጊዜ። ነጠብጣቡ በየፎቶው ቦታ ስለሚቀያይር፣ ስምንቱን ሳዋህድ ይጠፋል። ከቦታው ያልተነቃነቀ ብቻ ይቀራል።»

«ሰው ቢያልፍስ?»

አጣሪ ፎቶውን እንደገና አየችው። «እሱም ይጠፋል።»

«አዋህጂ ያለሽ ማነው?»

አጣሪ ዓይኗን ከፎቶው አላነሣችም።

«አንቺን እኮ ነው ልጄ።»

«እማ ናት፤ የዚያኑ ዕለት። ‹ለቀብሩ ከመጨረሻ ሥራው አንድ ጥሩ አውጪልኝ፤ ሌላውን አጥፊው፤ ማየት አልችልም› አለችኝ። እያለቀስኩ ሠራሁት እንጂ አንድ በአንድ አላየኋቸውም።»

«አጠፋሻቸው?»

«የእሱን የመጨረሻ ሥራ? በምን አንጀቴ!»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ፎቶ ቤቱ ተሰበሰቡ። እማ ጥቁር ለብሳለች። አንድያ ልጇ ቀደም ብሎ የተሰበረ ክንዱን በነጭ ፋሻ አንጠልጥሏል፤ ያን ዕለት ከከተማ ውጭ ነበርኩ ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። አጣሪ በሁለት ፖሊሶች መሀል ቆመች።

«በሩን የቆለፈው ሰው ቁልፍ ነበረው» አለች መርማሪዋ። «ወይ ይህች ልጅ ናት፣ ወይ ጠፋ የተባለውን ቁልፍ የያዘ ሰው። እሷ ብትሆን ፎቶዎቹን ለማጥፋት ጊዜም ዕውቀቱም ነበራት። ጭራሽ አጥፊ ተብላ እንኳ አላጠፋችም። ታዲያ አጥፊ ያላት ሰው ምን አይቶ ነው?»

ኮምፒውተሩን ከፈተች። እስከ አራተኛው ድረስ ወንበሩና ነጠብጣቡ ብቻ ነው። በአምስተኛው ደረጃው አናት ላይ ሁለት ሰዎች ተያይዘዋል። በስድስተኛው አንዱ ብቻ ቀርቷል። ፊቱ አይለይም፤ ክንዱ ላይ ያለው ነጭ ፋሻ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ፖሊሶቹ ልጁን ፈተሹት። ጠፋ የተባለው ቁልፍ ከኪሱ ወጣ።

«ከቤት ልውጣ ስለው አትሄድም ብሎ ያዘኝ። እጄን ላስለቅቅ ብዬ ነው... እግሩ ሳተ። አባዬን እኔ ልገድለው?»

አጣሪ ግን የምታየው እማን ነበር። «ታውቂ ነበር?»

«ካሜራው ላይ አየሁት፤ ማጥፋቱን አልችልበትም። ከሆዴ የወጣ ነው እኮ! ባሌን ቀብሬ ልጄን በእጄ ልስጥ?»

«እኔስ እማ?»

እማ መሬት መሬት አየች። «አንቺ ጠንካራ ነሽ። ትችይዋለሽ ብዬ ነው።»

ልጁን ይዘውት ወጡ። ለአጣሪ ቦርሳዋን መለሱላት። ቁልፏን አውጥታ ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጠች፤ ከዚያም ለቅሶ ደርሶ እንደሚሄድ እንግዳ በሩ ላይ ቆማ አንገቷን ዝቅ አደረገች።

«እግዜር ያጽናዎት፣ እትዬ» ብላ ወጣች።